የተዘጋው ድረ ገጽ ለምን ይከፈታል? የአንድ የቤት ኮምፒውተር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ነው፦ እናት፣ አባት፣ የ10 እና የ15 ዓመት ልጆች። ቤቱ ውስጥ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት አንድ ላፕቶፕ አለ፤ ኢንተርኔቱ የሚደርሰው በአንድ የዋይፋይ ራውተር ነው። አራቱም የሚገቡት በአንድ አካውንት ሲሆን፣ አካውንቱ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ያለውና ፓስዎርድ የሌለው ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ይመስላል፤ ከታች የሚነሱት አብዛኞቹ ችግሮች ግን መነሻቸው እሱ ነው።

ወላጆቹ ቅሬታቸውን የተናገሩት እንደ አንድ ችግር ነው፤ «ኮምፒውተሩ በመጥፎ ገጾች ተሞላ» በማለት። ሲመረመር ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ግርጌ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚሉ፣ አንዳንዴም የእርቃን ፎቶ ያለባቸው መልእክቶች ብቅ ይላሉ፤ የክሮም መስኮት ከተዘጋ በኋላም ጭምር። ሁለተኛ፣ ክሮም ላይ የሆነ ነገር ሲፈለግ ውጤቱ የሚመጣው ማንም ካልመረጠው የፍለጋ ገጽ ነው። ሦስተኛ፣ የብልግና ድረ ገጾች ያለ ምንም እንቅፋት ይከፈታሉ። አራተኛ፣ አባት ከ60 በላይ ድረ ገጾችን በሆስትስ ፋይል ሊዘጉ ሞክረው ነበር፤ አንዱም አልተዘጋም።

አራተኛው ብዙ የሚያስተምር ስለሆነ ከእሱ መጀመር ይሻላል።

የሆስትስ ፋይሉ ለምን አልሠራም

ኮምፒውተር ወደ አንድ ድረ ገጽ ከመሄዱ በፊት የገጹን ስም ወደ አይፒ ቁጥር መቀየር አለበት። ዊንዶውስ ይህን ሲያደርግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሆስትስ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ያያል፤ ስሙን እዚያ ካገኘው የዲኤንኤስ ሰርቨር፣ ማለትም ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታውን በኔትወርክ ላይ ያለ ኮምፒውተር፣ አይጠይቅም። ፋይሉ የሚገኘው በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ውስጥ፣ ሲስተም32 ውስጥ፣ ድራይቨርስ ውስጥ፣ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ነው። በአንድ መስመር ላይ 0.0.0.0 ተጽፎ፣ ክፍት ቦታ ተትቶ፣ የድረ ገጹ ስም ከተከተለ፣ ያ ስም የትም የማያደርስ አድራሻ ይዞ ይቀራል። ገጹ አይከፈትም።

የኢቲሲ ፎልደር ሲከፈት ሆስትስ የሚል ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ተገኙ። በአንድ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይሎች አንድ ስም ሊይዙ አይችሉም፤ ስለዚህ አንዱ ስሙን ሸሽጓል ማለት ነው። ዊንዶውስ የፋይል ማዕረጎችን (ከስሙ ኋላ ከነጥብ ቀጥሎ የሚመጡትን፣ የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩ ፊደላት) ሳይነኩት ይደብቃል፤ ኖትፓድ ደግሞ ሲያስቀምጥ ከስሙ ኋላ «.ቲኤክስቲ» ይጨምራል። የአባት ዝርዝር በሙሉ የተቀመጠው በዚህ ሁለተኛ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ዊንዶውስ ደግሞ እሱን ዞር ብሎም አያየውም። ልዩነቱን ለማየት በፋይል ኤክስፕሎረር ቪው የሚለውን ከፍቶ፣ ሾው ከሚለው ሥር ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ማብራት ይበቃል።

ፋይሉ በትክክለኛው ስም ቢቀመጥም ኖሮ ግን አብዛኛው መስመር አይሠራም ነበር። ብዙዎቹ ስሞች ከብሮውዘሩ የአድራሻ መስመር እንዳሉ የተገለበጡ ናቸው፤ «ኤችቲቲፒኤስ»፣ ሁለት ነጥቡና ሁለቱ ስላሽ ከፊታቸው አለ፣ ከኋላቸውም የገጹ ክፍል ተከትሏል። ሆስትስ ፋይል የሚያውቀው የሰርቨር ስም ብቻ ነው፤ ስላሽ ያለበትን መስመር ይጥለዋል። ሌሎቹ ስሞች ንጹሕ ቢሆኑም ሦስቱን ደብሊው ያልያዙ ነበሩ። ሆስትስ ፋይል የወል ምልክት፣ ማለትም ብዙ ስሞችን በአንዴ የሚወክል እንደ ኮከብ (*) ያለ ምልክት፣ አይቀበልም፤ «ኤግዛምፕል.ኮም» የሚለው መስመር ሦስት ደብሊው ያለውን፣ «ኤም» ብሎ የሚጀምረውን የሞባይል ገጽም ሆነ ሌላ ቅጥያ አይዘጋም። ለእያንዳንዱ ስም የራሱ መስመር ያስፈልጋል። ጥቂት መስመሮች ደግሞ በፊታቸው የፓውንድ ምልክት (#) ነበረባቸው። ያ ምልክት «ይህ ማስታወሻ ነው፣ እለፈው» ማለት ነው፤ አብሮት የመጣው ፋይል ውስጥ ያሉት የምሳሌ መስመሮች ሁሉ በእሱ ስለሚጀምሩ፣ አዲስ መስመር ሲጻፍ አብሮ መገልበጡ የተለመደ ነው።

ሁሉም መስመሮች 127.0.0.1 ብለው ይጀምሩ ነበር። ይህ ስሕተት አይደለም፣ ግን 0.0.0.0 ይሻላል። 127.0.0.1 ኮምፒውተሩ ራሱ ነውና ብሮውዘሩ በዚያው ማሽን ላይ ግንኙነት ይሞክራል፤ በማሽኑ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ካለ ያልታሰበ መልስ ሊያገኝ ይችላል። 0.0.0.0 ግን ተቀባይ ስለሌለው ሙከራው ወዲያው ይከሽፋል።

ማስተካከያው እንዲህ ተሠራ። በስታርት ሜኑ ኖትፓድ ተፈልጎ በራይት ክሊክ «ራን አስ አድሚኒስትሬተር» ተባለ፤ ያለዚህ ፋይሉ ይከፈታል እንጂ በቦታው አይቀመጥም። ከኖትፓዱ ውስጥ ኦፕን ተብሎ፣ የፋይል ዓይነቱ ወደ ኦል ፋይልስ ተቀይሮ፣ ማዕረግ የሌለው ሆስትስ ተከፈተ። ከ60ዎቹ ስሞች 8 ብቻ ተመርጠው እያንዳንዳቸው ያለ ደብሊውና ከነደብሊው ተጻፉ። ለምን 8 ብቻ? የብልግና ገጾች በየቀኑ አዲስ ስም ስለሚያወጡ በእጅ የሚጻፍ ዝርዝር ፈጽሞ አይደርስባቸውም። ሆስትስ ፋይል የሚጠቅመው «ይህ ገጽ በስሙ ይዘጋ» ለሚባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው፤ ጅምላው የሌላ መሣሪያ ሥራ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስሞች የያዙ የተዘጋጁ የሆስትስ ዝርዝሮች ይገኛሉ፤ በዊንዶውስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ግዙፍ ፋይል ስም የሚፈታውን ሰርቪስ ስለሚያዘገየው አይመከርም። የማይክሮሶፍትን የመረጃ መሰብሰቢያ ሰርቨሮች የሚዘጉ መስመሮች ካሉበት ደግሞ የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ ዲፌንደር ፋይሉን እንደ ጠለፋ ቆጥሮ ያስጠነቅቃል፤ እንዲያጸዳው ከተፈቀደለትም ወደ መጀመሪያው ይዞታው ይመልሰዋል።

ማስታወሻ በአማርኛ መጻፍ የሚፈልግ ከፓውንዱ ምልክት በኋላ መጻፍ ይችላል። ሲያስቀምጡ ግን ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት። ዩቲኤፍ-16 ከተመረጠ ፋይሉ በሙሉ የማይነበብ ይሆናል፤ «ዩቲኤፍ-8 ከቦም ጋር» የሚለው ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ያበላሻል።

ከዚያ በኮማንድ ፕሮምፕት «አይፒኮንፊግ»፣ ክፍተት፣ «ስላሽ ፍለሽዲኤንኤስ» ተጽፎ የቆየው መልስ ተጠረገ፤ ክሮምም የራሱን መልስ ስለሚያስታውስ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ተከፈተ። ለማረጋገጥ የተጠቀሙበት ትእዛዝ ፒንግ ነው። አባት ቀደም ሲል በኤንኤስሉክአፕ ሞክረው «አሁንም ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጣል» ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር፤ ኤንኤስሉክአፕ ግን ሆስትስ ፋይልን ሳያይ በቀጥታ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። ለሆስትስ ፋይል ፒንግ፣ ለዲኤንኤስ ማጣሪያ ኤንኤስሉክአፕ ይሁን። ሁለቱን ማምታታት የሚሠራውን ፋይል እንደማይሠራ፣ የማይሠራውን እንደሚሠራ ያስቆጥራል።

መጀመሪያ ማጽዳት

ምንም ያህል ገጽ ቢዘጋ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ ነገር አዲስ ገጽ መክፈቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ማጣሪያ ከመተከሉ በፊት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅሬታዎች መፈታት ነበረባቸው።

የጥግ መልእክቶቹ ቫይረስ አልነበሩም። ከእያንዳንዱ መልእክት ርዕስ ሥር በትንሽ ፊደል የክሮም ስምና የላኪው ድረ ገጽ ስም ይነበባል፤ ይህ ማለት አንድ ሰው በሆነ ቀን «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» የሚል ገጽ ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ክሮም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ሲከፈት ፈቃድ ያገኙ 14 ገጾች ተደርድረው ነበር፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ሁሉም ተሰርዘው፣ ከላይ ያለው ምርጫ ድረ ገጾች ፈቃድ እንዳይጠይቁ ወደሚያደርገው ተቀየረ። መልእክቶቹ በዚያው ቆሙ። በብዙ ቤቶች «ቫይረስ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ለዚህ ሲባል ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ ከንቱ ድካም ነው።

የፍለጋው ጉዳይ ከበድ ያለ ነበር። በክሮም የኤክስቴንሽኖች ገጽ ላይ አንድ ያልታወቀ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ተገኘ፤ ማስወገጃው ቁልፍ ግን አይሠራም። በክሮም ሜኑ ግርጌም «ብሮውዘርዎ የሚተዳደረው በድርጅትዎ ነው» የሚል መስመር አለ። ድርጅት በሌለበት ቤት ይህ መስመር ከታየ አንድ ፕሮግራም በሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ የክሮም ፖሊሲ፣ ማለትም ክሮም የሚገደድበት ትእዛዝ፣ ጽፏል ማለት ነው፤ ፖሊሲው አንድ ኤክስቴንሽን በግዴታ እንዲጫን ያዛል። በአድራሻ መስመሩ ላይ የክሮምን የፖሊሲ ገጽ በመክፈት የትኛው ፖሊሲ እንደተጻፈ ይታያል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በሴቲንግስ፣ አፕስ ውስጥ የተጫኑት ፕሮግራሞች በተጫኑበት ቀን ሲደረደሩ፣ ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባ ነፃ የቪዲዮ ማውረጃ ተገኘ። መጀመሪያ የተወገደው እሱ ነው። ከዚያ ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ያስቀረው ቀጠሮ ተሰረዘ። ከዚያ በሬጅስትሪ ኤዲተር ኤችኪይ ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል፣ ክሮም የሚለው ቁልፍ ቅጂው ተይዞ ጠፋ፤ በከረንት ዩዘር ሥር ያለው አቻውም ታየ። ኤክስቴንሽኑ የተወገደው በመጨረሻ ነው። ከታች ወደ ላይ ቢሠራ፣ ማለትም ኤክስቴንሽኑ ቀድሞ ቢወገድ፣ ፖሊሲው መልሶ ይጭነዋል፤ ፖሊሲው ቀድሞ ቢጠፋ ፕሮግራሙ መልሶ ይጽፈዋል። «አጠፋሁት፣ ተመልሶ መጣ» የሚባለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው የመመለሻ መንገድ የክሮም ሲንክ ነው፤ ተጠቃሚው በራሱ የጫነው ኤክስቴንሽን ከሆነ፣ በዚያው የጉግል አካውንት የገባ ሌላ ኮምፒውተር ካለ እዚያም መወገድ አለበት።

የኢንተርኔት ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል ሊያሳልፍ የሚችለው የፕሮክሲ ሴቲንግ ታየ፤ ባዶ ነበር። ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን ተደረገ፤ ኮምፒውተሩን ራሱ አስነስቶ 15 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚመረምር የሚደበቁትን ይደርስባቸዋል። ይህ ሁሉ ካበቃ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ የኢሜይልና የባንክ ፓስዎርዶች ተቀየሩ። የሁሉንም ገጾች ይዘት የማንበብ ፈቃድ ያለው ኤክስቴንሽን የሚተየበውን ፓስዎርድም ሊያይ ይችላል፤ እሱ እያለ መቀየር አዲሱን ፓስዎርድ አሳልፎ መስጠት ይሆናል።

ጅምላውን የሚዘጋው ዲኤንኤስ

ሦስተኛው ቅሬታ፣ የብልግና ገጾቹ፣ የሚፈታው ስም የሚጠየቅበትን ሰርቨር በመቀየር ነው። በነፃ የሚያጣሩ ሰርቨሮች አሉ። ኳድ9 በ9.9.9.9 እና በ149.112.112.112 የአጥፊ ፕሮግራምና የማጭበርበሪያ ገጾችን ብቻ ይዘጋል። ክላውድፍሌር በ2020 ለቤተሰብ ያወጣቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፦ 1.1.1.2 እና 1.0.0.2 አጥፊ ገጾችን ብቻ፣ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ደግሞ አጥፊውንም የብልግናውንም። ኦፕንዲኤንኤስ በ208.67.222.123 እና በ208.67.220.123 የቤተሰብ ማጣሪያ ይሰጣል።

ለዚህ ቤት የተመረጠው 1.1.1.3 ነው። አንዱ ምክንያት ለተዘጋ ስም የሚሰጠው መልስ 0.0.0.0 መሆኑ ነው፤ ብሮውዘሩ በቀላሉ «ገጹን ማግኘት አልተቻለም» ይላል። አንዳንድ ማጣሪያዎች የራሳቸውን «ይህ ገጽ ተዘግቷል» የሚል ገጽ ሊያሳዩ ይሞክራሉ፤ ነገር ግን አሁን ሁሉም ገጽ ማለት ይቻላል በኤችቲቲፒኤስ ስለሚሠራና ማጣሪያው የዚያ ገጽ ሰርተፍኬት ስለሌለው፣ የሚታየው ቀይ የደህንነት ማስጠንቀቂያ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ጎጂ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ጥሶ ማለፍን ያለማምዳቸዋል፣ ያ ልማድ ደግሞ አንድ ቀን እውነተኛ አጭበርባሪ ገጽ ላይ ያደርሳቸዋል።

ቁጥሩ በሁለት ቦታ ገባ። መጀመሪያ በራውተሩ፦ በኮማንድ ፕሮምፕት አይፒኮንፊግ ሲጻፍ ዲፎልት ጌትዌይ ከሚለው ፊት የሚታየው ቁጥር፣ በዚህ ቤት 192.168.1.1፣ በብሮውዘር ተከፍቶ፣ ራውተሩ ለቤቱ መሣሪያዎች አድራሻ በሚያድልበት በዲኤችሲፒ ገጽ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ተጻፉ። የራውተሩ መግቢያ ፓስዎርድም ከፋብሪካው ከመጣው ተቀየረ፤ ያለዚያ ማንም የቤቱ ሰው በደቂቃ ይመልሰዋል። በራውተር የተደረገው የቤቱን ስልኮችና ቴሌቪዥን ሁሉ ይሸፍናል። ላፕቶፑ ግን ከቤት ሲወጣ ወይም በስልክ ሆትስፖት ሲገናኝ ከማጣሪያው ይወጣል፤ ስለዚህ በላፕቶፑም ላይ ተደገመ።

በዊንዶውስ 11 ላይ እዚህ ጋ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ ሲከፈት ሁለት የሚመሳሰሉ ቦታዎች አሉ። የተገናኙበት ዋይፋይ ስም ያለበት ፕሮፐርቲስ የሚሠራው ለዚያ አንድ ዋይፋይ ብቻ ነው። ሃርድዌር ፕሮፐርቲስ የሚለው ግን ላፕቶፑ ለሚገናኝበት ዋይፋይ ሁሉ ነው፤ መሙላት የሚገባው ይህን ነው። ዲኤንኤስ ሰርቨር አሳይንመንት፣ ኤዲት፣ ማኑዋል፣ አይፒቪ4 ኦን፤ ፕሪፈርድ 1.1.1.3፣ ኦልተርኔት 1.0.0.3። በሁለተኛው ሣጥን ለጥንቃቄ ተብሎ ሌላ የማያጣራ ሰርቨር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8፣ መጻፍ ማጣሪያውን ያፈርሰዋል፤ ዊንዶውስ መጀመሪያው ሲዘገይበት ወደ ሁለተኛው ይሄዳልና።

ያመለጡት ሁለት መንገዶች

ይህ ሁሉ ተደርጎ ክላውድፍሌር ለሙከራ ያዘጋጀው ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ሲሞከር ተከፈተ። እንዲህ ያለ ዶሜይን ያለ ስጋት መሞከር ስለሚያስችል፣ ማጣሪያው መሥራቱን እውነተኛ መጥፎ ገጽ በመክፈት መፈተን አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ማምለጫ አይፒቪ6፣ ማለትም ከተለመደው አይፒቪ4 ጎን የሚሠራው አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት፣ ነበር። «አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል» ሲጻፍ ዲኤንኤስ ሰርቨርስ ከሚለው ፊት ሦስት አድራሻዎች ታዩ፦ የተሞሉት ሁለቱና ከእነሱ በላይ በሁለት ነጥቦች የሚለያይ አንድ ረጅም አድራሻ። የአገልግሎት ሰጪው መስመር አይፒቪ6 አለው፤ ራውተሩም የራሱን የአይፒቪ6 ዲኤንኤስ አድራሻ ለላፕቶፑ ያድል ነበር። የተቀየረው አይፒቪ4 ብቻ ስለሆነ ዊንዶውስ ጥያቄውን ላልተጣራው ሰርቨር ያቀርባል። በሩን ቆልፎ መስኮቱን እንደመተው ነው። «ይዘጋል፣ ደግሞ አንዳንዴ ይከፈታል» የሚል አቤቱታ ሲሰማ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

መፍትሔው በዚያው የኤዲት ሣጥን ውስጥ አይፒቪ6ን ኦን አድርጎ ፕሪፈርድ ላይ 2606:4700:4700::1113፣ ኦልተርኔት ላይ 2606:4700:4700::1003 መጻፍ ነው። በራውተሩም የአይፒቪ6 ዲኤንኤስ ቦታ ካለ እንደዚሁ። አይፒቪ6ን ጨርሶ ማጥፋትም ያስኬዳል፣ ነገር ግን ማይክሮሶፍት አይመክረውም፤ ሁለቱን ቁጥሮች መሙላት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በራውተር ላይ የተደረገ ለውጥ መሣሪያዎቹ ዳግም ሲገናኙ ብቻ እንደሚደርሳቸውም አይረሳ፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል።

አሁን ኤንኤስሉክአፕ ለሙከራው ዶሜይን 0.0.0.0 መለሰ፣ ኤጅም አልከፍት አለ። ክሮም ግን ከፈተው። ይህ ሁለተኛው ማምለጫ ነው፦ ብሮውዘሩ ራሱ ዲኤንኤሱን በተመሰጠረ መንገድ፣ በኤችቲቲፒኤስ ውስጥ፣ ወደ መረጠው ሰርቨር ይልካል። ተራ የዲኤንኤስ ጥያቄ በፖርት 53 ሲሄድ፣ ይህኛው እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ በፖርት 443 ስለሚሄድ ራውተሩ ሊለየው አይችልም። ክሮም ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሴኩሪቲ ውስጥ «ዩዝ ሴኪዩር ዲኤንኤስ» የሚለው ሥር ጉግል ተመርጦ ነበር፤ ከቤቱ ሰው አንዱ ኢንተርኔት ለማፍጠን ብሎ የመረጠው ነው። ምርጫው በነባሩ ሁኔታ ላይ ቢቆይ ክሮም ኮምፒውተሩ የያዘውን አቅራቢ ስለሚከተል ችግር አይፈጥርም ነበር። ፋየርፎክስ ግን በአንዳንድ አገሮች ማንም ሳይመርጥ የራሱን ሰርቨር ስለሚጠቀም ሁልጊዜ መታየት አለበት፤ እዚያ ዲኤንኤስ ኦቨር ኤችቲቲፒኤስ ከሚለው ሥር ኦፍ ማድረግ ወይም የተጣራውን አድራሻ መስጠት ነው።

ሴቲንጉን በእጅ መመለስ ለአንድ ቀን ይሆናል፤ የ15 ዓመት ልጅ መልሶ ይቀይረዋል። ስለዚህ አጥፊው ፕሮግራም የተጠቀመበት ያው የክሮም ፖሊሲ በጎ ሥራ ላይ ዋለ። በሬጅስትሪው የክሮም ቁልፍ ሥር «ዲኤንኤስ ኦቨር ኤችቲቲፒኤስ ሞድ» የሚባል እሴት ተፈጥሮ «ኦፍ» ተባለ፤ ስሙ ሲጻፍ ያለ ክፍተት፣ በፖሊሲው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያ የሴቲንግ ቦታ ደብዝዞ አይነካም። «ዩአርኤል ብሎክሊስት» የሚባለው ፖሊሲም ጠቃሚ ነው፤ እስከ 1000 መስመር ይቀበላል፣ ከሆስትስ ፋይል በተለየም አንድ ዶሜይን ሲጻፍበት ከቅጥያዎቹ ሁሉ ጋር ይዘጋዋል። ኤጅም ተመሳሳይ ፖሊሲዎች አሉት። ከእንግዲህ «በድርጅትዎ ይተዳደራል» የሚለው መስመር እንደገና ይታያል፤ አሁን ግን ድርጅቱ ወላጆቹ ናቸው።

ሥልጣኑ የማን ነው

እስካሁን የተሠራው ሁሉ፣ ሆስትስ ፋይሉም፣ ዲኤንኤሱም፣ ፖሊሲውም፣ የሚጠበቀው በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ነው። አራቱ ሰው በዚያው ሥልጣን ከገባ አንዱም አይጸናም። ነባሩ አካውንት የወላጆቹ ሆኖ ፓስዎርድ ወጣለት፤ ለልጆቹ ለየብቻ ስታንዳርድ አካውንት ተከፈተ፣ ወላጆቹም ለዕለት ሥራቸው ሌላ ስታንዳርድ አካውንት እንዲይዙ ተደረገ። ይህ ለልጆች ሲባል ብቻ አይደለም። ያ ቪዲዮ ማውረጃ በስታንዳርድ አካውንት ቢጫን ኖሮ በመላ ማሽኑ ላይ የሚሠራ ፖሊሲ ሊጽፍ አይችልም ነበር፤ ፓስዎርድ የሚጠይቅ ሣጥን ይወጣ ነበር።

ስታንዳርድ አካውንትም የማያግደው አለ። አንዳንድ ብሮውዘሮች ያለ አድሚኒስትሬተር ፈቃድ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ይጫናሉ፣ ሳይጫኑ ከፍላሽ ላይ የሚሠሩም አሉ፤ በየራሳቸው የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ይወጣሉ። የቪፒኤን ኤክስቴንሽንም እንዲሁ። ለ10 ዓመቱ ልጅ አካውንት ማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ ተከፈተ፤ የድረ ገጽ ማጣሪያው የሚሠራው በኤጅ ላይ ሲሆን የተለመዱትን ሌሎች ብሮውዘሮች ራሱ ይዘጋል። ለ15 ዓመቱ የክሮም «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ብሎክሊስት» ፖሊሲ ላይ የኮከብ ምልክት (*) ተጽፎ አዲስ ኤክስቴንሽን እንዳይገባ ተደረገ፤ የሚፈቀደው በስም ይዘረዘራል። ከዚያ በላይ ያለው የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ቶር የሚባለውን ማጣሪያ የሚያልፍ ብሮውዘር በፍላሽ ይዞ የሚመጣን ታዳጊ የቤት ኮምፒውተር ሴቲንግ አያስቆመውም፤ ስለ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንዳየ ተቀምጦ ማነጋገር የወላጆቹ ድርሻ ነው፣ ወላጆቹም ይህን ተቀብለውታል።

የፍለጋ ሥዕሎች ለብቻቸው መታየት ነበረባቸው። ዲኤንኤስ የሚያየው የሰርቨሩን ስም እንጂ የገጹን ይዘት አይደለም፤ በጉግል የፎቶ ፍለጋ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ሥዕሎች የሚመጡት ከጉግል ከራሱ ስለሆነ አይጣሩም። ጉግል ለዚህ 216.239.38.120 የሚል አድራሻ አዘጋጅቷል፤ በሆስትስ ፋይሉ ውስጥ ይህ ቁጥር ከጉግል ስም ፊት፣ ሦስት ደብሊው ባለውም በሌለውም፣ ሲጻፍ ሴፍ ሰርች የሚባለው የጉግል የፍለጋ ማጣሪያ በግዴታ ይበራል። የአገር ቅጥያ ያለው የጉግል ስም ለብቻው መስመር ይፈልጋል። በዚያው ቁጥር የዩቲዩብ ስም ሲጻፍ ጥብቁ የተገደበ ሁነታ ይበራል፤ መካከለኛው 216.239.38.119 ነው። ቤተሰቡ የመረጠው መካከለኛውን ነው፣ ምክንያቱም ጥብቁ ብዙ የትምህርት ቪዲዮዎችን አብሮ ይሸፍናል። በማኅበራዊ ሚዲያ ውስጥ ያለ ይዘት በዚህ ሁሉ አይነካም፤ ወይ ሙሉው ይዘጋል ወይ ሙሉው ይከፈታል።

ያለ አግባብ የተዘጋው ገጽ

በሁለተኛው ሳምንት የ15 ዓመቱ ልጅ ለትምህርት የሚፈልገው ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና የሚያስረዳ ገጽ ተዘጋበት። እንዲህ ያለ ስሕተት በማንኛውም ማጣሪያ ይደርሳል። ቶሎ ካልተፈታ ደግሞ ልጁ በትክክለኛ ምክንያት ማለፊያ መንገድ መፈለግ ይጀምራል፤ ማጣሪያ በአብዛኛው የሚወድቀው እንዲህ ነው።

1.1.1.3 የጋራ አገልግሎት ስለሆነ አንድ ቤት የራሱን ልዩ ፈቃድ ሊጽፍበት አይችልም። የገጹን እውነተኛ አይፒ በሆስትስ ፋይሉ ውስጥ መጻፍ ይቻላል፣ ሆስትስ ከዲኤንኤስ ይቀድማልና። ግን ብዙ ገጾች አይፒያቸውን ይቀያይራሉ፣ ሥዕልና ቪዲዮአቸውም ከሌላ ሰርቨር ይመጣል፤ ዛሬ የሠራው ነገ ይሰበራል። የተደረገው ሁለት ነገር ነው፦ ለአቅራቢው የተሳሳተ ምደባ ሪፖርት ተላከ፣ እስኪስተካከል ድረስም ገጹ በወላጆቹ ስልክ ሞባይል ዳታ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚደጋገምበት ቤት ግን ቢቸግረውም በአካውንት የሚሠራና የራስ ፈቃድ ዝርዝር ያለው የዲኤንኤስ አገልግሎት ቢይዝ ይሻለዋል።

ማስታወቂያዎችን በተመለከተ፣ ብዙ አጭበርባሪ ገጾች የሚመጡት በማስታወቂያ ስለሆነ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ማስታወቂያ የሚዘጋ ኤክስቴንሽን በፋየርፎክስ ላይ፣ ክሮም ሙሉውን ስለማይቀበል በክሮም ላይ ላይት የሚባለው እትሙ በተፈቀዱት ኤክስቴንሽኖች ዝርዝር ገቡ።

የቀረው ክትትል ነው። ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ከተመለሰ ወይም በአገልግሎት ሰጪው ከተቀየረ የዲኤንኤስ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ፤ በላፕቶፑ ላይ አዲስ የኔትወርክ ገመድ ወይም አዳፕተር ከተጨመረ እሱ የራሱ የዲኤንኤስ ሣጥን አለውና ባዶ ሆኖ ይጀምራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ለውጥና ከትልቅ የዊንዶውስ ዝመና በኋላ ወላጆቹ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል ጽፈው አራቱ የዲኤንኤስ አድራሻዎች ብቻ መኖራቸውን ያያሉ፣ የሙከራውን ዶሜይን ከልጆቹ አካውንት በየብሮውዘሩ ይከፍታሉ፣ የኖቲፊኬሽን ዝርዝሩንም ባዶ መሆኑን ያረጋግጣሉ።